ለሄልሜቱ ገንዘብ ከሌለ ጫማውም ይቆይ

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ «የስኬቲንግ ጫማ ግዙልኝ» እያለ አላስቀምጥ ብሏችኋል? እኔ «ግዙለት» ከሚሉት ወገን ነኝ። ከስልክ ላይ ተነስቶ ላብ እስኪያልበው መጫወቱ ለልቡም ለአጥንቱም ይጠቅማል። «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ በረዶ ከሌለበት አገራችን ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል።

ነገር ግን ብዙ ወላጅ ያለውን ብር ጫማው ላይ ይጨርስና «ሄልሜቱ ሌላ ጊዜ» ይላል። ጀማሪ ልጅ የሚወድቀው ግን ሌላ ጊዜ ሳይሆን ዛሬ ነው።

ስትገዙ፦

✅ ጫማው በልኩ ይሁን። «ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ አትግዙ፤ እግሩ ውስጡ ከተንቀሳቀሰ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ቁጥሩ የሚሰፋና የሚጠብ ዓይነትም አለ።

✅ ያገለገለ ከሆነ ጎማዎቹን አሽከርክሩ፣ ብሎኖቹን ነቅንቁ፣ ፍሬኑ አለመበላቱን እዩ።

✅ ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይቀመጥ፤ ማሰሪያው ይታሰር። የተሰነጠቀ አትግዙ።

✅ የእጅ አንጓ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ ጨምሩ። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ስለሚመክት የእጅ አንጓ በቀላሉ ይሰበራል።

ቦታም ምረጡ። ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ለቡና ወደ ጀሞ የሚወስዱት አስፋልቶች የአይሱዙና የታክሲ ናቸው። የግቢ ውስጥ ሜዳ ወይም ለመኪና የተዘጋ መንገድ ይሻላል። ዝናብ ከጣለ ይቅር። የመኪና ኋላ ይዞ መጎተት በፍጹም!

ወድቆ እጁ ካበጠ ወይም ከተጣመመ ሳታሹት ደግፋችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ያለወትሮው እንቅልፍ ከተጫነው ቶሎ ሆስፒታል!

«ሄልሜት ውድ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ለብዙ ቤት ውድ ነው። ለዚህም ነው መጀመሪያ እሱን ግዙ የምለው። ጫማው ለሚቀጥለው ወር ቢተላለፍ ልጁ ቢያኮርፍ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ በአንድ ቀን ያልፋል።

ለምታውቁት ወላጅ ሼር አድርጉ።