ከስም ዝርዝሩ የጎደለው መስመር

ሰሞኑን በመጫወቻ ክፍላችን በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በጠረጴዛ ቴኒስ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ሰዎች ስም፣ አገርና ዓመተ ምሕረት በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ተደርድሮበታል። የጻፉት ጓደኞቻችን ደክመውበታልና ሊመሰገኑ ይገባል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ስለሆነ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

ከስሞቹ መካከል «ጌርትሩድ ክላይኖቫ፣ ቼኮስሎቫኪያ፣ 1935፣ 1936» የሚል መስመር አለ። የዚህችን ሴት ታሪክ አንብቤ ስለ ነበር ከስሟ በታች ጥቂት ቃል እንዲጨመር ጠየቅሁ። ያገኘሁት መልስ «ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም፤ ያንን ለታሪክ መምህራን ተውላቸው» የሚል ነበር። መልሱን የሰጠኝ ጓደኛ ቅን ሰው ነው፤ ብዙዎቻችንም እንደ እርሱ እናስባለን። ስለዚህ በየጥጉ ከምንከራከር ነገሩ በዚህ ጋዜጣ ላይ በይፋ ቢነገር ይሻላል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አስቀድመን ሴትዮዋን እንወቃት። ክላይኖቫ በ1918 በብርኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። የተጫወተችበት ክበብም የአይሁዶች የስፖርት ክበብ የሆነው የብርኖ «ማካቢ» ነበር። በ1935 ለንደን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከዝነኛዋ ከማሪ ኬትነሮቫ ጋር ተሰልፋ የሴቶች ቡድን ሽልማት የሆነውን የኮርቢዮን ዋንጫ ለአገሯ አስገኘች። በሚከተለው ዓመት በፕራግ ቡድኑ ዋንጫውን ደገመው፤ እርሷም ከሚሎስላቭ ሃምር ጋር ሆና በወንድና ሴት ጥንድ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን ተባለች። እንግዲህ በ17 ዓመቷ ሦስት የዓለም ማዕርግ ይዛለች ማለት ነው። የኛ ወረቀት እዚህ ላይ ያበቃል።

የክላይኖቫ ሕይወት ግን እዚህ ላይ አላበቃም። በማርች 1939 የሒትለር ጦር ፕራግንና ብርኖን ያዘ። አይሁዶች ከሥራቸው፣ ከትምህርት ቤት፣ ከማኅበርና ከመዝናኛ ሥፍራ በየአዋጁ ተባረሩ። በ1941 ክላይኖቫ ቴሬዚን ወደሚባለው የአይሁዶች ማጎሪያ ተጋዘች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 23 ነበር፤ ስፖርተኛ ጉልበቱና ብልሃቱ አንድ ላይ የሚገጥሙለት ዕድሜ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደች። ሚሊዮኖች ካለቁበት ከዚያ እልቂት በሕይወት ተርፋ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በ1976 ዐረፈች።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ወንድሜ ፖለቲካ ወደ ወረቀቱ እንዳይገባ ይፈራል። እኔ ግን ራሱ የጻፈውን ወረቀት ደግሞ እንዲያነበው እለምነዋለሁ። በወንዶች ነጠላ ጨዋታ ሥር ሪቻርድ በርግማን የሚባል ሰው ሁለት ቦታ ተጽፏል። በ1937 አገሩ ኦስትሪያ ነው፤ በ1939 ደግሞ አገሩ እንግሊዝ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰውዬውን አገር የለወጠው ማነው? ራኬቱ ነውን? በርግማን የቪየና አይሁድ ነበር፤ በ1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትውጥ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ወረቀቱ ስደቱን አይናገርም እንጂ የስደቱን ውጤት በግልጽ ጽፎታል።

ዝቅ ብለን ብናነብ ደግሞ ቦሁሚል ቫኛ የሚባለውን ሌላ የቼክ ሻምፒዮን እናገኛለን፤ 1938 እና 1947 ተብሎ ተጽፏል። ከ1940 እስከ 1946 የማንም ስም የለም፤ በጦርነቱ ምክንያት የዓለም ሻምፒዮና አልተደረገም ነበርና። ጦርነቱ ሲያበቃ ቫኛ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ማዕርጉን እንደገና ወሰደ። ክላይኖቫ ግን በዝርዝሩ ላይ ዳግመኛ አልታየችም። ሁለቱም ያንድ አገር ልጆች፣ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮኖች ናቸው። በጦርነቱ ዓመታት ግን አንደኛዋ ወደ ማጎሪያ የተነዳችው በተወለደችበት ዘር ምክንያት ብቻ ነው። ይህን ያልነገርነው አንባቢ «ጨዋታው ቀዝቅዞባት ይሆናል» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ከሆነ ዝምታችን በመካከል ቆሞ የሚመለከት ሽማግሌ አይደለም፤ ለበደለኛው ወገን የሚመሰክር ምስክር ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ወደ ቴሬዚን ከተጋዙት 140,000 ያህል ሰዎች 33,000 የሚሆኑት እዚያው በረኃብና በበሽታ ሞቱ፤ ወደ 88,000 የሚጠጉት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ተጭነው ሄዱ፤ ከነዚህም አብዛኞቹ አልተመለሱም። ታዲያ በ1944 ናዚዎች ይህንኑ ሥፍራ አጽድተውና ቀብተው ለቀይ መስቀል መልእክተኞች አስጎበኙት። በዚያው ዓመት ፊልም አነሡበት። በፊልሙ ውስጥ እስረኞች የእግር ኳስ ሲጫወቱ፣ ተመልካቹም ሲያጨበጭብ ይታያል። ከፊልሙ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ። ስፖርት ጨዋታ ብቻ ነው፣ ከሌላው ነገር አይነካካም የሚለውን እምነት ግፈኛ እንዴት እንደሚጠቀምበት ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ኳስ የሚጫወት ሰው ያየ ተመልካች፣ ሰውዬው ነገ ወዴት እንደሚጫን አይጠይቅማ!

በተቃራኒው ወገን ያለውን እውነትም አልክድም። ጨዋታ ዕረፍት ነው፤ በጠረጴዛ ዙሪያ የወገን ጠብ ከገባ ክበቡ ይፈርሳል። ኳሱም የተጫዋቹን ሃይማኖትና ዘር አይጠይቅም፤ የጨዋታው ክብር ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ክብር የሚጠበቀው ሲደፈር «ተደፈረ» ብለን ስንናገር ነው። እኔ የማንንም ፓርቲ ሰንደቅ በመጫወቻው ክፍል ይሰቀል አላልኩም። የአንዲት ተጫዋች ሕይወት ከግማሹ አይቆረጥ ነው ያልኩት። ዋንጫዋን ቆጥረን እስራቷን ከተውን፣ ያከበርነው ዋንጫውን እንጂ ሴትዮዋን አይደለም።

ለታሪክ መምህራን እንተወው የተባለውም አያስኬድም። መምህሮቻችን ስለ ሒትለር ሲያስተምሩ የሚነግሩን ሚሊዮን የሚል ቁጥር ነው። ቁጥር ለፈተና ይጠናል፤ ከፈተና በኋላም ይረሳል። በየቀኑ እኛ የምንይዘውን ዓይነት ራኬት ይዛ፣ በኛ ዕድሜ በዓለም ፊት የቆመች አንዲት ልጅ ግን አትረሳም። ተማሪ ይህን ከመጫወቻው ክፍል በር ላይ ቢያነበው ከመማሪያው ክፍል ይበልጥ ይገባው ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። «1935፣ 1936» ከሚለው ቀጥሎ «በ1941 በዘሯ ምክንያት ወደ ቴሬዚን፣ ከዚያም ወደ አውሽቪትዝ ተጋዘች፤ ተረፈች» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ቀለሙንም ወረቀቱንም እኔ አመጣለሁ። ይህ አይገባም የሚል ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም ምክንያቱን ይጻፍልን፤ እስከዚያው ግን «ፖለቲካ ነው» የምትለዋ ቃል ብቻዋን እንደ ምክንያት አትቆጠርም።