ካሜራው ፍጥነትን ያያል፤ አሽከርካሪው ዓላማን

በአዲስ አበባ በሚኒባስ ታክሲ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት አለ። ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል፤ ረዳቱም ትርፍ የተጫኑትን ተሳፋሪዎች «ዝቅ በሉ» ይላል። ትራፊክ ፖሊሱ ከታለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቋሚ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራን በተመለከተ የሚደረግ ውይይት ከዚህ አጭር የሕግ አክባሪነት ቢጀምር መልካም ይመስለኛል።

የቁጥጥሩ አስፈላጊነት አያከራክርም። የተሽከርካሪ የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚደረግ ጭማሪ ጉልበቱን በ44 በመቶ ያሳድገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በከተማችን ይህን ዕዳ በአብዛኛው የሚከፍለው እግረኛው ነው።

ካሜራ በተተከለባቸው አገሮች የአሽከርካሪዎች ምላሽ በሁለት መልክ ይገለጻል። አንደኛው ካሜራው ፊት ቀዝቅዞ ካለፉ በኋላ መፍጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» የሚል ቅሬታ ነው። ሁለቱንም እንደ እምቢተኝነት ብቻ መቁጠር የተለመደ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ስለ ሥርዓቱ አነዳደፍ የሚነግሩን መረጃዎች ናቸው።

ለመጀመሪያው ምላሽ ቴክኒካዊ መልስ አለ። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚለካ ካሜራ፣ አንድ ቦታ ላይ ፍሬን በመያዝ አይታለልም። መግቢያና መውጫው ውስን የሆነው የአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ምላሽ ግን በመሣሪያ አይፈታም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ካሜራ መትከል ጀመረች፤ በ2000 ደግሞ የአካባቢ አስፈጻሚዎች ወጪያቸውን ከቅጣቱ ገቢ እንዲሸፍኑ የሚፈቅድ የሙከራ አሠራር ዘረጋች። ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ፍጥነትም ጉዳትም መቀነሱ በግምገማ ቢረጋገጥም፣ ጥርጣሬው አልጠፋም። ካሜራዎቹ በግልጽ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም ተቀቡ፤ በ2007ም የቅጣቱና የወጪው ቀጥተኛ ትስስር ተቋረጠ። ስዊድን በበኩሏ መሣሪያውን «የትራፊክ ደኅንነት ካሜራ» ብላ ሰየመች፤ ከፊቱ የማስጠንቀቂያ ምልክት አቆመች፤ ቅጣቱንም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት አስገባች። የአሽከርካሪው ጥያቄ «ስንት እቀጣለሁ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን እዚህ ተተከለ? ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል?» የሚልም መሆኑን ይህ ያሳያል።

«ሕግ የጣሰ ሰው ቅሬታ ለምን ይሰማል? የተገጨው እግረኛ ማን ሰማው?» ብሎ የሚሞግት ይኖራል። ሙግቱ ከባድ ነው፤ የፍጥነት ወሰኑም ለድርድር መቅረብ የለበትም። ነገር ግን ካሜራ የሚሸፍነው ጥቂት ሜትሮችን ነው። ከእነዚያ ሜትሮች ውጪ ያለው እግረኛ የሚጠበቀው አሽከርካሪው ወሰኑን ተገቢ ነው ብሎ ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ተቀባይነትን መገንባት ለአጥፊው የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ለእግረኛው የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። ካሜራ የሚተከልበት ቦታ በአደጋ መዝገብ ይመረጥ፤ መስፈርቱም ለሕዝብ ይገለጥ። ቅጣት የሚጥለው አካል ከቅጣቱ ገቢ ተጠቃሚ አይሁን። ውጤቱም በተቀጡ ሰዎች ብዛት አይመዘን፤ የቅጣት ብዛት የካሜራውን ትጋት እንጂ የመንገዱን ደኅንነት አያሳይምና።

ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራም ከዚህ ይመነጫል። መለኪያችንን ይዘን መቆም ያለብን ካሜራው አጠገብ ሳይሆን ከካሜራው አምስት መቶ ሜትር አልፎ፣ ልጆች መንገድ በሚሻገሩበት ቦታ ነው።