መጽሐፉን ገልብጦ ያነበበው ልጅ



ውጭ አገር ሄዶ በበጎ ፈቃድ ሕፃናትን ማስተማር እንዴት እንደሚቻል የሚጠይቁኝ ወጣቶች በርከት ብለዋል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ወደ ዛንዚባር ሄጄ፣ በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ሳምንት ያህል ንባብ በማስተማር አግዤ ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ሳልሸፍን ልንገራችሁ። ሳልሸፍን ማለቴ የራሴም ጥፋት ስላለበት ነው።

ዛንዚባር ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያን የመሠረተች፣ ሕዝቧ በአመዛኙ ሙስሊም የሆነ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች ምድር ናት። ለኛ ብዙም እንግዳ አትሆንም። ሰዓት የሚቆጥሩት እንኳ እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ስለሆነ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሉኝ ሳልደናገር ሁለት ሰዓት ላይ እገኝ ነበር። መጽሐፍን «ኪታቡ» ይሉታል፤ ሲበዛ ደግሞ «ቪታቡ» ይሆናል። ዐረብኛ የቀራ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ይስቃል፣ ኋላ ይለምደዋል። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ «ምዋሊሙ»፣ የቁርኣኑ ደግሞ «ማዓሊም» ነው። ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ የዐረብኛ ቃል ነው።

በተመደብኩበት ሁለተኛ ክፍል ከስልሳ የማያንሱ ልጆች ነበሩ። በርእሰ መምህሩ ቢሮ ከኔ በፊት የመጡ በጎ አድራጊዎች ያመጧቸው ብዙ የሚያማምሩ መጻሕፍት በቁም ሳጥን ተቆልፎባቸው አየሁ። ቢቀደዱ የሚጠየቀው እሱ ነውና አልፈረድኩበትም። ደግሞስ ቢከፈት ምን ይረባል? መጻሕፍቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ልጆቹ የሚናገሩት ኪስዋሂሊ ነው። አንዱን ገለጥ ባደርግ የበረዶ ሰው ስለሚሠሩ ልጆች ይተርካል። የባሕር ዳር ልጅ ይህን በምን ያውቀዋል? ከአዲስ አበባ ተሸክሜ የሄድኩት የራሴ ሻንጣም ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ዕድሜው ስምንት ዓመት ቢሆን ነው። ከጁዝእ ዐምማ ግማሹን ሐፍዟል። የንባብ መጽሐፋቸውን ሳይደናቀፍ ስለሚወርደው በየቀኑ አስነሥቼ አስነብበው፣ አስጨበጭብለትም ነበር። አንድ ቀን መጽሐፍ ስላነሰ ከፊቱ ከተቀመጠው ጓደኛው ተቀብሎ፣ እንደተገለበጠ ይዞ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ሱብሃነላህ! አንድ ቃል እንኳ አልሳተም።

እኔ ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ወሎ ውስጥ ጠዋት ሉሄን ይዤ ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ አስኳላ ስመላለስ፣ የአንደኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፌን ከታላቅ ወንድሜ አፍ ሰምቼ የሸመደድኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። የቁርኣን ቤት ልጅ ትልቁ ሀብቱ ሒፍዙ ነው፤ ግን ያው ሀብት ፊደል አለማወቁን ሊሸፍንለት ይችላል። ማንበብ አለመቻሌ የታወቀው ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ነው፤ ያን ቀን ዛሬም አልረሳውም።

ይህን እያወቅሁ ግን ያደረግሁት ምን ነበር? ከመጽሐፉ ቃላት አምስቱን ቅደም ተከተላቸውን አዛብቼ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠራሁት። ልጁ ዝም አለ። ስልሳው ሳቀ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ።

የክፍሉ መምህርት በዕረፍት ሰዓት ለብቻ ጠራችኝና፣ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ትሄዳለህ። እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም፤ አላስፈለጋትምም።

በዚያው ዕለት ከዐሥር በኋላ ወደ ቁርኣን አስተማሪው ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ማዓሊም በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገሩን ከሰሙ በኋላ አልተገረሙም። በጆሮ የሚይዝ ልጅና በዓይን የሚይዝ ልጅ አንድ አይደሉም፤ ይህኛው በጆሮው የሚሄድ ስለሆነ እሳቸውም ወደ ፊደሉ መልሰው፣ ፊደሉን በፈትሓ፣ በከስራና በደማ እያስጠሩት ነበር። ከዚያ ከመደርደሪያ አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ፤ ኪስዋሂሊ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈበት ነው። የላቲኑ ፊደል ከመስፋፋቱ በፊት ሕዝቡ ቋንቋውን የሚጽፈው እንዲህ ነበር። እኔም የወሎ ዑለማዎች አማርኛ መንዙማን በዐጀም ይጽፉ እንደነበር ስነግራቸው ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ሻዩ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። ልጁን በማግስቱ እጁን ይዘው ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ኪስዋሂሊ ለማንበብ የተመቸ ቋንቋ ነው። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ሲሆኑ ቃሉ እንደ ፊደላችን በቀለም በቀለም ይቆረጣል፤ ባ፣ ቤ፣ ቢ፣ ቦ፣ ቡ እያሉ ነው የሚቆጥሩት። መምህርቷ ካርቶን ቆርጣ በአንዱ «ካ»፣ በሌላው «ታ» ጻፈችና ለልጁ ሰጠችው። ሲያጋጥማቸው «ካታ» ሆነ፤ ቁረጥ ማለት ነው። ሲያቀያይራቸው «ታካ»፤ ቆሻሻ ማለት ነው። «ባ» ሲጨመር «ባታ»፣ ዳክዬ መጣ። ይህን በቃል መሸምደድ አይቻልም፤ ዓይን የግድ መሥራት አለበት። ልጁ ካርቶኖቹን እያገላበጠ ሲስቅ ሳይ የኔ ትከሻም ቀለል አለው።

ከዚያ ወዲያ ሻንጣዬን አልከፈትኩም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ይነግሩናል። ተራኪው «ፓኡክዋ!» ሲል ሌሎቹ «ፓካዋ!» ይላሉ፤ የኛን «ተረት ተረት፤ የላም በረት» ማለት ነው። ተረቱን ራሱን «ሐዲሲ» ይሉታል፤ ሐዲስ ስንል የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግር ብቻ ለምናስብ ለኛ ጆሮ ይከብዳል። መምህርቷ የተነገረውን ባጭሩ ትጽፋለች፤ ልጆቹ ሥዕሉን ይሥላሉ፤ እኔ በክር እሰፋለሁ። በስፌት ሙያዬ የተመሰከረልኝ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ዐሥራ አራት መጻሕፍት ወጡ፤ እነዚህም ቁም ሳጥን ውስጥ አልተቆለፉም።

መሄድ ለምትፈልጉ ወጣቶች አንድ ነገር ላስታውስ፤ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማር በዚያ አገር አይፈቀድም፤ በጎ ፈቃደኛም ቢሆን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቢያንስ ተረት የሚያስተርክ ያህል ቋንቋቸውንም አጥኑ፤ እኔ ሳላጠና ሄጄ ግማሹን ጊዜ ያቃጠልኩት በዚህ ነው።

ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ መክፈል ያልቻሉ፣ ጽሕፈት የሚያውቁ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን እንዲያስተምሩ መደረጉን ከሲራ እናውቃለን። ነጻ የሚወጡት ልጆቹ ሲያውቁ ነበር እንጂ ቀን ሲሞላ አልነበረም። የኔ ግን የአውሮፕላን ቲኬት ቀኑ ተቆርጦ ነበር። ስሰናበት ልጁ ገና «ምባ»፣ «ንጋ» ከሚሉት ጥምር ፊደላት ጋር ይታገል ነበር። የቀረው የመምህርቷና የማዓሊሙ ሥራ ሆነ።

መስከረም ላይ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ከአንደኛ ክፍል ይዣቸው ያለፍኩ ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉኝ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳ አልነካሁም፤ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛዬ እየጠራሁ፣ ሌላው በማይሰማበት፣ የሚያውቁትን ገጽ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እንዲያነቡልኝ ጠየቅሁ። ዘጠኙ ዝም አሉ። ከዘጠኙ ሦስቱ ባለፈው ዓመት ጎበዝ ብዬ ያስጨበጨብኩላቸው ነበሩ።