«ሴት ልጅ እንዲህ አትቀመጥም!»

«እግርሽን ሰብስቢ!» ይህን ተግሣጽ ሳትሰማ ያደገች ሴት ልጅ በየቤታችን ትኖር ይሆን? ወንድሟ ሶፋው ላይ እንደ ልቡ ተንሰራፍቶ ሲቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጣው የለም።

እንግሊዛዊቷ ሣራ ሉካስ እንዲህ ያለውን ልማድ በቅርጻ ቅርጽና በፎቶግራፍ ስትሞግት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን የተወለደችው ሣራ፣ በ1996 በሠራችው አንድ የራሷ ፎቶግራፍ ላይ ጂንስና ቲሸርት ለብሳ፣ እግሮቿን አራርቃ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ ሁለት የተጠበሱ እንቁላሎች አሉ። አትሽኮረመምም፣ ፈገግ አትልም፤ ተመልካቹን ፊት ለፊት ታየዋለች።

እንቁላሉ ለምን? በአገሯ የመንደር ቀልድ የሴት ጡት በእንቁላል ጥብስ ይመሰላል። እሷም ቀልዱን ወስዳ ራሷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ መሳቅ ለቀላጁም አይቀለውም። በ1992 ደግሞ ተራ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የእንቁላል ጥብስና አንድ ከባብ አስቀምጣ የሴት አካል ሠርታለች። ሴትን እንደሚበላ ነገር የሚያየውን ዓይን ምግቡ ራሱ ያጋልጠዋል።

በ1997 የሠራቻት «ጥንቸሊት» የተሰኘች ቅርጽ ሌላ ነገር ትናገራለች። ውስጡ ከተሞላ ስቶኪንግ ተሠርታ ወንበር ላይ የተዝለፈለፈች፣ እግርና ክንድ እንጂ ጭንቅላት የሌላት ሴት ናት። ማስታወቂያዎች ከሴት የሚፈልጉትን ቆርጠው ቢያስቀሩ የሚተርፈው ይኸው ነው።

ሥራዎቿ ነውረኛ ናቸው የሚሏት አልጠፉም። እውነትም ብዙዎቹ ከልጆች ጋር የሚታዩ አይደሉም። ሆኖም በ2015 በቬኒስ ቢየናሌ አገሯን ወክላለች፤ በ2023ም ቴት ብሪቴን ሰፊ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶላታል።

ለእኛ ለወላጆች የሚተርፈው ጥያቄ ግን ሙዚየም መግባት አያሻውም። ምሳ ሲቀርብ ተነሥታ እንድታቀርብ የምትታዘዘው ማን ናት? እንግዳ ሲመጣ «ተጨዋች» የሚባለው ማን ነው? «ዓይን አውጣ» የምትባለውስ? ልጆች ይህን የሚማሩት ከምክራችን ይልቅ ከአኗኗራችን ነው።

እናም በሚቀጥለው ጊዜ ሴት ልጃችሁን «እግርሽን ሰብስቢ» ከማለታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ወንድሟ እንዴት እንደተቀመጠ እዩ። ሥርዓት ከሆነ ለሁለቱም ይሁን።