በሐዘን ወር ልብ ወለድ ማንበብ ነውር ነውን?

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ አንዲት ወይዘሮ የጻፉልን ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ደርሶናል። ስማቸው እንዳይገለጥ ስለ ለመኑን አንገልጠውም። ነገራቸው ግን የብዙ ቤት ነገር መሆኑን ስላየን፣ ስለ ልጆች የክረምት ልብስ የጀመርነውን ለሚመጣው ሳምንት አቆይተን ዛሬ ለእርሳቸው ለመመለስ ወደድን።

ወይዘሮይቱ በሐምሌ መባቻ የሰባት ዓመት ሴት ልጃቸውን ቀብረዋል። ባለቤታቸው የመንግሥት ሥራ ይዘው በሩቅ አገር ያሉ ሰው ስለ ሆኑ ከሠልስቱ በኋላ ሊቈዩ አልቻሉም። ለቀስተኛውም ወንዝ ሳይሞላ ለመሻገር እየተጣደፈ ወደየመንደሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አብሯቸው የቀረው ክረምቱ ብቻ ነው። የመንዝን ሐምሌና ነሐሴ ያልቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቀውም፤ ጉሙ ማለዳ ደጅ ላይ ተኝቶ እስከ ማታ አይነሣም፣ በረዶው የቤቱን ክዳን ይደበድባል፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ በድምፅ እንጂ በመልክ አይተዋወቅም።

«በዚህ ወር ከእሳት ዳር ስቀመጥ ሦስት ነገር ልቤን ያሳርፈዋል» ይላሉ ወይዘሮይቱ። «አንደኛው እናቴ የፈተለችው ባና ነው። ሁለተኛው የገብስ ቆሎ ነው። ሦስተኛው የብላቴን ጌታ ኅሩይ መጽሐፍ ነው፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ የተጻፈበት። ታዲያ አንዲት ዘመዴ ሳነብ አይታኝ ‹ልጇን ቀብራ አርባው ሳይወጣ የሰው ሰርግ ታነባለች› ብላ ለመንደሩ አወራችብኝ። እውነት ኃጢአት ነውን? ነውርስ ነውን?»

ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እርሱ የእኛ ሥልጣን አይደለም። ስለ ነውሩ ግን፣ እመቤቴ፣ ነውር አይደለም ብለን በግልጥ እንመልስልዎታለን። ምክንያታችንንም መጽሐፉን ከጻፉት ሰው ሕይወት እናወጣለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የእርስዎ ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል፤ የተወለዱት በመርሐቤቴ ነውና። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። ለዚህ ገጽ አንባቢ ግን የሚበልጠው በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» ብለው የሁለት ወጣቶችን ጋብቻ በልብ ወለድ መጻፋቸው ነው። ሁለት ዓመት ቈይተው ደግሞ «አዲስ ዓለም» የሚባለውን አሳተሙ። በፓሪስ ተምሮ የተመለሰ አወቀ የሚባል ጎልማሳ ከአገሩ ልማድ ጋራ ሲታገል የሚታይበት መጽሐፍ ነው፤ ከነዚያም ልማዶች አንዱ ለሙት የሚደገሰው የተዝካር ድግስ ነው። ዘመድዎ ይህን ሁለተኛውን መጽሐፍ ቢያዩት ኖሮ ምን ባሉ ነበር!

እኒህ ሰው እንግሊዝ አገርን ከአንድ ጊዜ በላይ አይተዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብረው ሄደው፣ የጉዞውን ታሪክ «ደስታና ክብር» የሚል ስም ሰጥተው ጻፉት። ከዚያ በኋላ የገቡበት ጊዜ ግን ደስታም ክብርም የሌለበት የስደት ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱ፣ ብላቴን ጌታ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ ነበሩ። ስደተኞቹ የተቀመጡት ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ነው። ከተማዋ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን ለሰውነት እንጂ ለልብ የሚሆን ፍል ውኃ ከወዴት ይገኛል? ገንዘቡም አጭር፣ ብርዱም የሚያንቀጠቅጥ ነበር።

ታዲያ በዚያ ቤት የነበሩት ሰዎች ምን አደረጉ? በግቢው ውስጥ ፈረንጆች አበባና አትክልት ከብርድ የሚያስጠጉበት በመስተዋት የተሠራ ቤት ነበረ፤ እርሱን የጸሎት ቤት አደረጉት። የአገራቸው ካህናት የአገራቸውን ጸሎት በዚያ ያደርሱ ነበር። የቲማቲም ችግኝ ሊቆምበት በተሠራ ቤት ዕጣን ሲጤስ እንግሊዞቹ ምን ብለው ይሆን እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ለስደተኛው ግን ያ ሽታ አገሩ ነበር። ትልቁን ነገር ማስመለስ ያልቻለ ሰው በእጁ ያለችውን ትንሽ የለመዳትን ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ ይህንንም የሚነቅፍ ሰው ስደትን የማያውቅ ነው።

ከዚያም የባሰ መጣ። በእንግሊዝ አገር ትምህርት የተማሩት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ከአርበኞቹ ጋራ በአገር ቀርተው ነበርና በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። ብላቴን ጌታ በ1910 ዓ.ም. ካሳተሟቸው መጻሕፍት አንዱ ስሙ «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» ነው። አባት ለልጁ ምክር ትቶለት ያልፋል፤ ልጅም ምክሩን ይዞ አባቱን ያስባል፤ የስሙ ትርጉም ይህ ነው። እነሆ ነገሩ ተገልብጦ መታሰቢያው የልጁ ሆነ። እርስዎ፣ እመቤቴ፣ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ብላቴን ጌታም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቈዩም። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ በመርሐቤቴ ሜዳ አደይ አበባ በሚወጣበት ሳምንት፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ። ዐፅማቸው ወደ አገሩ ገብቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ከድል በኋላ ነው።

እንግዲህ ዘመድዎ የነቀፉት መጽሐፍ የእኒህ ሰው መጽሐፍ ነው። ሲጽፉት ይህ ሁሉ መከራ ገና አልደረሰባቸውም፤ አገራቸውም ነጻ ነበረች፣ ልጃቸውም በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ የብርሃኔንና የጽዮንን ጋብቻ የሚያነብ ሰው፣ መብራቱ ገና ያልጠፋ ቤት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ በእንግድነት እንደ ገባ ይቈጠራል። የሰው ሰርግ ማንበብ የራስን ልጅ መርሳት አይደለም። ልጅዎ በሕይወት ብትኖር እርሷም አንድ ቀን ትዳር ነበር፤ ገጹን ሲገልጡ እንባዎ የሚመጣው ስለዚህ ይመስለናል። ይምጣ።

ስለ ባናው የሚነቅፍዎ አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ ጥቂት እንናገራለን። የመንዝ በግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተነድፎ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ይሠራዋል። በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከቆመ በኋላም ቢሆን የእጁን ባና የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሢሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ለለበሰው አይረጥብም፤ በጉም ውስጥ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ልብስ የለም። ነገር ግን የጠጣውን እርጥበት ይዞ ይከብዳልና ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን ከደጅ ይስጡት፤ ለእሳት አያስጠጉት፤ ጠጉሩ ይደርቅና ይሰባበራል። የእናትዎ እጅ ያለበት ስለ ሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ቆሎውንም አይተዉት። ሐዘንተኛ ሰው ገበታ ሲቀርብለት ይዘጋዋል፤ ቆሎ ግን እጅ ሳያስበው ወደ አፍ ይወስደዋል፤ እንዲሁ ሲል ሰውነት ይጠገናል። አሁን የፍልሰታ ጾም ስለ ሆነ ደግሞ ተስማሚ ነው። ከቆላ የመጣ ሱፍ ቢጨመርበት ይጣፍጣል፤ ማታ ግን ብዙ አይብሉ፤ ሆድ ይነፋል።

አንድ ነገር ብቻ እንነቅፍዎታለን። በደብዳቤዎ ውስጥ ባለቤትዎን ያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ስለ መሄዳቸው ነው። እርሳቸውም ልጃቸውን ቀብረው በሰው አገር በቢሮ ተቀምጠዋል፤ ከእሳት ዳር የሚያጫውታቸውም ሰው የለም። ከገብሱ በሶ አስፈጭተው ይላኩላቸው፤ በሶ ብዙ ወራት ይቀመጣል፣ መንገድም አያበላሸውም፤ በውኃና በጥቂት ጨው ተበጥብጦ ይጠጣል። መጽሐፉንም ሲጨርሱት ከበሶው ጋራ ይላኩት። ደስ ያሰኘዎትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ያስለቀሰዎትንም እንዲሁ። እርሳቸውም አንብበው የራሳቸውን ምልክት አድርገው ይመልሱልዎ።

እስከዚያው ድረስ መጽሐፉን ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አያኑሩት። የደጋ ቤት ጢስ ወረቀትን ያጠቁራል፤ ይህም መጽሐፍ ዛሬ በገበያ በቀላሉ አይገኝም።