ደቂቃ ሸጦ ማደር እስከ መቼ? ገመድ አልባ ብሮድባንድና ነባር የቴሌኮም ድርጅቶች

በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ሰፈር በአንድ ትውልድ ዕድሜ መልኩን ቀይሯል። የቆርቆሮ ጣሪያና የጭቃ ግድግዳ የነበራቸው ብዙ ቤቶች ፈርሰው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ቆመዋል። ለውጡ የሬዲዮ ሞገድ አጥኚዎችንም የሚመለከት ነው። የሞገድ ድግግሞሽ ከፍ ባለ ቁጥር ኮንክሪት የማለፍ አቅሙ ይቀንሳልና፣ ከውጭ ማማ የሚላክ ምልክት ክፍል ውስጥ ሲደርስ ይደክማል። ስለዚህ የመደበኛ ጥሪው በሚቆራረጥበት ክፍል ውስጥ ነዋሪው ቤቱ ባስገባው ዋይፋይ አማካይነት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይደውላል። ጥሪው ተደርጓል፤ ደቂቃው ግን አልተሸጠም።

የነባሮቹ ድርጅቶች ፈተና መነሻው ይኸው ነው። በተለመደው የስልክ መስመር መለኪያ ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት ይወስዳል። በዚህ ስሌት የአንድ ደቂቃ ንግግር የድምፅ ይዘት ግማሽ ሜጋ ባይት አይሞላም፤ የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ደግሞ ከዚያም አሳንሰው ይልኩታል። ለብሮድባንድ መረቡ ጅዳ ያለ ዘመድና በአጎራባች ሕንፃ ያለ ጓደኛ ልዩነት የላቸውም። በርቀትና በጊዜ ተሰልቶ ሲሸጥ የኖረ ሸቀጥ በክብደቱ ብቻ የሚመዘን ሆነ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ፈተና የሰጠችው የመጀመሪያ መልስ የሕግ እንጂ የዋጋ አልነበረም። የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። ከ10 ዓመት በኋላ የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጡትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ ይዞ መጣ። የመንግሥት ሥጋት ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለብቸኛው ድርጅት የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበርና። ሆኖም ልጇ ዓረብ አገር ያለች እናት በስልኳ የጫነችውን መተግበሪያ አዋጅ አላስጣላትም።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ተከፍቷል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮምም ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት 2014 ዓ.ም. የአምስተኛውን ትውልድ አገልግሎት በመዲናዋ በሙከራ ደረጃ አስጀምሮ ነበር።

ይሁንና የሁለት ማማ ባለቤቶች ፉክክር የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። አስተማሪው ጉዳይ የኬንያ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ስታርሊንክ፣ ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚዞሩ ሳተላይቶቹ፣ ኬንያ ውስጥ አገልግሎት ጀመረ። ከዓመት በኋላ ሳፋሪኮም ለአገሩ ተቆጣጣሪ በጻፈው ደብዳቤ የሳተላይት ድርጅቶች ራሱን የቻለ ፈቃድ ከሚሰጣቸው ይልቅ ከአገር ውስጥ የሞባይል ድርጅቶች ጋር ተጣምረው እንዲሠሩ ጠየቀ። አዲስ አበባ ላይ የውድድር ጠበቃ የሆነው ድርጅት ናይሮቢ ላይ የነባርነት ጠበቃ ሆነ! ይህን ግብዝነት ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን ነባርነት የመንግሥት ንብረት የመሆን ጠባይ አለመሆኑን ያሳያል። ማማ ተክሎ ወጪውን ለመመለስ የሚጠባበቅ ሁሉ ያንኑ ይጠይቃል።

ክርክራቸው ውስጥ እውነትም አለ። የሞባይል ድርጅት ገቢው በማይሸፍንበት ገጠር ማማ እንዲያቆም ይገደዳል፤ ሳተላይቱ ግን የመቀበያ ሳሕን መግዛት የሚችለውን ብቻ መርጦ ያገለግላል። መፍትሔው ግን በር መዝጋት ሳይሆን ግዴታውን ማካፈል ነው፦ ፈቃድ የሚወስድ ሁሉ ለገጠር ሽፋን የሚውል መዋጮ ይክፈል፣ ማማና ፋይበር ያለውም በተመጣጣኝ ዋጋ ያከራይ። ደቂቃ ሸጦ ማደር የለመደ ድርጅት ከዚህ በኋላ የሚያዋጣው የመንገድ ባለቤት መሆን ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ማን እንደሆነ መምረጡን ይተው።

የልደታን ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ ሰፈርም ሳተላይት ብቻውን አይታደገውም። የአንድ ሳተላይት ጨረር አቅም በሥሩ ላሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚከፋፈል ስለሆነ፣ በየሰገነቱ ሳሕን ቢሰቀል ሁሉም ይንቀራፈፋል። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚስማማው አንድ ፋይበር እስከ ሕንፃው ድረስ አምጥቶ በየፎቁ በዋይፋይ ማከፋፈል ነው። ሥራውን የነዋሪዎች ማኅበር ወይም ጥቂት ወጣት ቴክኒሻኖች ሊያከናውኑት ይችላሉ፤ ዋናው ችግር ለእነርሱ የሚመጥን፣ ክፍያው አነስተኛና ሂደቱ አጭር የሆነ ፈቃድ ማዘጋጀቱ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ የሳተላይቱን ጉዳይ ሲመረምር ይህንንም አብሮ ቢያየው፣ ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ የሚቀርበው ይኸኛው ነው።