ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንም፤ የስፖርት ምስሎች ከኤችዲ ወደ ዲቪዲ ሲወርዱ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች፣ የስፖርት ውድድርን በካሜራ መቅረጽ የተለመደ ሆኗል። የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያው ካሜራም ሆነ በወጣቱ እጅ ያለው ስልክ ዛሬ በከፍተኛ ጥራት፣ በተለምዶ ኤችዲ በሚባለው ደረጃ ይቀርጻል። ምስሉ የሚታይበት ቤት ግን ሁልጊዜ ከካሜራው እኩል አልተራመደም። የቆየ ቴሌቪዥንና የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ቤተሰብ ልጁ የተጫወተበትን ጨዋታ ማየት ሲፈልግ ምስሉ በዲስክ ተቀድቶ ሊደርሰው ይገባል።

ነገሩ ተራ የቅጂ ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም የሚያስከትለው ጉዳት አለ። በቴሌቪዥን በማይተላለፍ ሜዳ ለሚጫወት ወጣት፣ ያ ምስል ችሎታውን ለሩቅ አሠልጣኝ የሚያሳይበት ብቸኛ ማስረጃው ሊሆን ይችላል። ለወረዳውም የስፖርት ታሪኩ መዝገብ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሙሉ የኤችዲ ምስል በአግድም 1 ሺህ 920፣ በቁም 1 ሺህ 80 ነጥቦች አሉት፤ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። በአገራችን በሚሠራበት የፓል ሥርዓት የሚዘጋጅ ዲቪዲ ደግሞ 720 በ576 ነጥብ ይይዛል፤ ይህም 414 ሺህ 720 ነው። ኤችዲው የዲቪዲውን አምስት እጥፍ ይይዛል ማለት ነው። ከአምስት ቁና አራቱ በመንገድ ይቀራል። ከሜዳው ጥግ የተቀረጸች ኳስ በኤችዲ በግልጽ ብትታይም በዲቪዲ ከሣሩ ጋር ልትመሳሰል ትችላለች፤ የማሊያ ቁጥርም ሊደበዝዝ ይችላል።

የነጥብ መቀነሱ አይቀሬ ነው። በአሠራር ጉድለት የሚመጣው ብልሽት ግን የሚቀር ነው። የመጀመሪያው ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። የፓል ዲቪዲ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ይይዛል፤ እያንዳንዱም ለሁለት ሊከፈል ይችላል። አንዱ ግማሽ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይወስዳል። ሁለቱ ግማሾች በተለያየ ቅጽበት ከተቀረጹ፣ ተመልካቹ በሰከንድ 50 የእንቅስቃሴ ደረጃ ያያል። ሩጫና የኳስ ምት ያለ መቆራረጥ የሚታዩትም በዚህ ነው።

በዚህ መልክ የተቀረጸ ኤችዲ ሲያንስ ግማሾቹ ሳይለያዩ ከተጨፈለቁ፣ ሁለት ቅጽበቶች ይደባለቃሉ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚቀርጽ ሰው ይህን በቀላሉ ሊያየው ይችላል፤ የጋላቢው ፈረስ እግር የማበጠሪያ ጥርስ መስሎ ይወጣል። የግማሾቹ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ፈረሱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። አንዱ ግማሽ ከተጣለ ደግሞ ግልቢያው ይቆራረጣል። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ስልክም ወደ 25 ሲወርድ ከየስድስቱ ምስል አንዱ ሊጣል ይችላል።

እንዲህ ያለው ጉድለት ለስፖርት ምን ያህል እንደሚከብድ አንድ የታወቀ ውድድር ያሳያል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ በሚታይ እንቅስቃሴ ይህን ልዩነት አራት ያህል ቅጽበቶች ያሳዩታል፤ በ25 ግን ሁለት ያህል ብቻ ይቀራሉ። ለሰርግ ጭፈራ ቅር የማያሰኝ ጉድለት፣ በሩጫ አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየውን ቅጽበት ይወስዳል።

ሁለተኛው ብልሽት የምስሉ ቅርጽ ነው። ኤችዲ ሰፊ ነው፤ የቆየው ቴሌቪዥን ግን ወደ ካሬ ይጠጋል። ሰፊው ምስል በግድ ሲጨመቅ ተጫዋቹ ይቀጥናል፤ ጎንና ጎኑ ሲቆረጥ ደግሞ የመስመር ተጫዋቹና ጥግ ላይ የተጻፈው ውጤት ይጠፋሉ። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ትቶ ሙሉውን ማሳየት ይሻላል።

ሦስተኛው ብዙ ጨዋታን በአንድ ዲስክ ማጨቅ ነው። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ በደህና ጥራት ይገባበታል። ሦስት ጨዋታ ሲጫንበት ግን ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚደርሰው ድርሻ በሦስት እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ሣሩ ተቆራርሶ ይታያል፣ ሯጩም ይደበዝዛል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዲስኩ ከተሠራ በኋላ የሚፈጸመው ነው። ለሚቀጥለው ሥራ ሚሞሪ ካርዱን ባዶ ለማድረግ ሲባል ዋናው የኤችዲ ቅጂ ይሰረዛል። የበቆሎ ገበሬ የተመረጠ ዘሩን ወፍጮ ቤት አይወስድም፤ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ የቀረውን ያስፈጫል። ዲቪዲው ዱቄት ነው፤ ለዕለቱ ይበላል፣ ተመልሶ ግን እህል አይሆንም። ነገ ቤተሰቡ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲገዛ፣ ወይም አሠልጣኝ የልጁን እንቅስቃሴ አጉልቶ ማየት ሲፈልግ፣ ከዲስኩ የጠፋውን ነጥብ የሚመልስ መሣሪያ የለም። ዲስኩም ራሱ በአቧራ፣ በጭረትና በፀሐይ ይበላሻል።

በአንጻሩ ፍላሽ የሚቀበል ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላለው ቤት ዲቪዲ አያስፈልገውም፤ ኤችዲውን በፍላሽ መውሰድ ይችላል። ብዙ ቴሌቪዥኖች በሚያነቡት በተለመደው የፍላሽ አዘገጃጀት ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት መብለጥ ስለማይችል፣ ረዥም ጨዋታን በሁለት አጋማሽ ከፍሎ መጫን ይገባል።

የመብት ጉዳይም አለ። በመንደር ሜዳ ራስ የቀረጹትን ማባዛት አንድ ነገር ነው፤ ከቴሌቪዥን የተቀዳን የሊግ ጨዋታ በዲስክ አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶችም በሥርጭታቸው ላይ መብት ሰጥቷል።

እንግዲህ ደንበኛው ለቪዲዮ ቤቱ ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ ሯጭ ወይም ኳስ ያለበትን አንድ ደቂቃ ቀድቶ በቤቱ ቴሌቪዥን መሞከር፣ በአንድ ዲስክ ከአንድ ጨዋታ በላይ አለማስጫን፣ ዋናውን ቅጂ ደግሞ ተረክቦ ማስቀመጥ። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና የቡድን አመራሮችም የውድድር ምስል ሲያስቀርጹ ዋናው ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንዲቀመጥ በውላቸው ቢያካትቱ፣ የሚጨምርባቸው ወጪ የአንድ ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ዋጋ ነው። ይህ ካልተደረገ ዛሬ በጥሩ ካሜራ የተቀረጸው ትውልድ፣ ከዓመታት በኋላ ራሱን የሚያየው በደበዘዘ ዲስክ ብቻ ይሆናል።